ሳይዘፈዘፍ የተቆላው ጓያ

ይድረስ ለወንድሜ ለአምባው፤ አንተም ልጆችህም እንደምን ከረማችሁ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን፣ አለን።

የማኅበራችን ሥራ እንደነገርሁህ ነው። ጓያውን ከኑግና ከዱባ ፍሬ ጋር ፈጭተን፣ በስኳር ለውሰን ብስኩት እንጋግራለን። አንዱን የበላ ሰው እስከ ማታ አይርበውም። ያሠለጠነችን ልጅ «ጓያውን ዘፍዝፋችሁ ውኃውን ድፉት፤ አለዚያ እግር ይይዛል» ብላን ነበር። በክረምቱ አልደርቅ ቢለን ሳንዘፈዝፍ ቆላነው። ሊቀመንበራችን ሰገን «ጓያ በልተን አይደል ያደግነው?» ብትል ሁላችንም ሳቅን።

የወረታ ሰው ግን የድሃ እህል ነው ብሎ ናቀው። ያልተሸጠውን ባለቤቴ ያየህ ሩዝ ሲያርም ክረምቱን ሙሉ ስንቅ አደረገው። ምን ያድርግ፣ ሌላ የሚቋጠርለት አልነበረም።

አሁን «ከውኃ ውስጥ ውዬ እግሬ ብርድ ገብቶት ነው» ይላል። ወንዛዬ ፍል ውኃ ሰንብተን መጣን። የአባታችንን ምርኩዝ ከግድግዳው አውርዶ ይዟል፤ ያምርብሃል እለዋለሁ። ለአጨዳው ሰው ይዘናል። ልትልክለት ያልኸውን ቦት ጫማ ተወው። ለገና ስትመጣም መናኸሪያ የምቀበልህ እኔ ነኝ።

በሰላም ለዓይነ ሥጋ ያብቃን፤ ልጆችህን ሳምልኝ። ባለፈው በሰው የላክሁላቸውን ብስኩት ግን ቢያለቅሱም አታብላቸው።

እህትህ ይርገዱ፣ ከቁሐር ሚካኤል