ስለ ቅሬአችን ጥሩንባና ስለ አናጢዎች ማሟሟቂያ

ለተከበሩ አቶ በፍቃዱ
የአነስተኛ የሥራ ቡድኖች የአሠልጣኝነት ዴስክ አስተባባሪ
መካነ ሰላም

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ ከነሙሉ ጤናዎ፣ ከነሰማያዊ ቱታዎና ከአንገትዎ ከማይለየው ፊሽካዎ ጋር እንዲያገኝዎት ከልብ እመኛለሁ። እኛ አምስቱ የእንጨት ሥራ ማኅበር አባላት፣ ወገባችን ከተለጠጠበት ገና አልተመለሰም እንጂ፣ በፈጣሪ ቸርነት ደህና ነን።

ብዙአየሁ እባላለሁ። በርና አልጋ እሠራ ነበር፤ እርስዎ ከመጡ ወዲህ ግን የግራ መስመር ተከላካይ ነኝ። ደሴ ላይ የሦስት ቀን ሥልጠና ወስደው ተመልሰው፣ ትንሽ የሥራ ቡድን እንደ እግር ኳስ ቡድን ከተመራ ውጤቱ እጥፍ እንደሚሆን ያበሠሩን ዕለት፣ አልዋሽም፣ አጨብጭበናል። ያጨበጨብነው ስብሰባው ቶሎ እንዲያልቅ መሆኑን እዚያው ልንነግርዎት ይገባ ነበር፤ ይህ የእኛ ጥፋት ነውና ይቅርታ እንጠይቃለን። የቀረውን ምስጋናችንን ግን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ አሰላለፉ። አምስት ሰው በአራት አራት ሁለት ማሰለፍ ለሌላው የሚያስቸግር ቢሆንም፣ እርስዎ የጎደሉትን ስድስት ተጫዋቾች ባልተሸጡ ስድስት ወንበሮች ሞልተው አሳይተውናል። ቫርኒሽ የምትቀባውን በለጡን፣ በሩ አጠገብ ስለምትቀመጥ ብቻ፣ ግብ ጠባቂ አድርገው ማንም እንዳያልፍ አዘዟት። እሷም የታዘዘችውን የምትፈጽም ሰው ናትና፣ በር ሊያሠሩ ከወግዲ ድረስ የመጡ ሽማግሌ ደጃፉ ላይ ሁለት ጊዜ ተመልሰው፣ በሦስተኛው ተራግመው ሄዱ። እርስዎ ግን ግብ አልተቆጠረብንም ብለው አመሰገኗት። በመላጊያው ማሽን ላይ የሚሠራው አሳምነው ደግሞ ጣውላ በእጁ በመንካቱ ቢጫ ካርድ ተሰጠው። በምን ሊነካው ይችል እንደነበር ቢጠይቅዎት፣ ከዳኛ ጋር ተከራክሯል ተብሎ ሁለተኛው መጣበት።

ሁለተኛ፣ ስለ እረፍት ሰዓት። ልክ በአርባ አምስተኛው ደቂቃ ሁላችንም የያዝነውን ጥለን እንድንወጣ ማድረግዎ ለጤናችን ከማሰብ መሆኑን እንረዳለን። ኮላ ግን ሥልጠናውን አልወሰደም። እንደተቀባ ትተነው ስንወጣ ደረቀ፣ የወንበሩም አራተኛ እግር ከወለሉ ጋር ተጣብቆ ቀረ፤ እስከ ዛሬም እዚያው ቆሟል።

ሦስተኛ፣ ስለ ጥሩንባው። እውነቱን ለመናገር የጻፍኩልዎት ለዚህ ነው፤ የላይኞቹን እንደ ማሟሟቂያ ይቁጠሩልኝ።

ፊሽካዎ በመላጊያው ጩኸት ስለተዋጠ፣ ማኅተም ባለበት ደብዳቤ ሞት ሲደርስ የሚያቀባብረንን የቅሬአችንን ጥሩንባ ለጊዜው ተዋሱ። አያ አሕመድኑር፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰፈሩን ክርስቲያንና እስላም ሞት በዚያች ጥሩንባ ሲያረዱ የኖሩት ሰው፣ ማኅተም አይተው እምቢ ማለት አይሆንላቸውምና ሰጡዎት። እርስዎም ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ለማሟሟቂያ ነፏት። እኛ እጃችንን ወደ ላይ ዘርግተን እግራችንን ስናነሳ፣ ሰፈሩ በሙሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ወይኔ እያለ፣ ማን ነው ማን ነው እየተባባለ ደረሰ። የቅሬው ጎረምሶች ድንኳኑን ተሸክመው መጥተው ከሱቃችን ደጃፍ ተከሉት። አንዲት ሴትዮ አሳምነው ተንጋሎ ሲለጠጥ አይታ፣ ሟቹ እሱ ነው ብላ ስሙን እየጠራች አለቀሰችለት፤ እሱም ተነስቶ ሊያጽናናት ቢሞክር ጭራሽ ራሷን ሳተች። እርስዎ ግን ስለ ጥላው ድንኳን ተካዮቹን አመሰገኑ፣ ፎቶ አነሱ፣ በቴሌግራም ገጽዎም ላይ መቶ አርባ ደጋፊዎች በማሟሟቂያው መገኘታቸውን ገለጹ። አያ አሕመድኑር እስኪመሽ ቤት ለቤት እየዞሩ፣ አብሽሩ፣ የሞተ የለም፣ አናጢዎቹ ሰውነታቸውን እያሟሟቁ ነው ሲሉ ዋሉ።

እርስዎ ማክሰኞም ነፉ። ረቡዕም ነፉ። ለእረፍት፣ ለሁለተኛው አጋማሽ፣ አንድ ጊዜም አሳምነው ሚስማር በአንድ ምት በመምታቱ ለደስታ ነፉ። በሁለተኛው ሳምንት የሚወጣው ሰው ግማሽ ሆነ። በሦስተኛው ከውሾች በቀር ማንም ቀና አላለም።

ከዚያ እማማ አልታዬ አረፉ። ከሱቃችን ጀርባ ይኖሩ የነበሩት፣ በማንም ለቅሶ ቤት ቀድመው ደርሰው መጨረሻ የሚወጡት፣ እርስዎንም አባትዎ ባረፉ ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ አጠገብዎ ተቀምጠው እህል ያስቀመሱዎት እማማ አልታዬ። አያ አሕመድኑር ጥሩንባዋን ሊጠይቁ ቢመጡ፣ የመጀመሪያው አጋማሽ እስኪያልቅ እንዲጠብቁ አደረጓቸው። ሲያልቅ በፊርማ አስረከቧቸው። እሳቸውም ከላይ እስከ ታች፣ ትንፋሻቸው እስኪያልቅ ነፉ። ሰፈሩም ሰማ፤ አናጢዎቹ ሁለተኛውን አጋማሽ ጀመሩ ብሎ ወደየሥራው ተመለሰ።

ሳጥኑን እኛው ሠራን፤ በእጃችን ነክተን። ቀብር ላይ ቆጥሬአለሁ፤ ካህናቱን ጨምሮ አሥራ አንድ ነበርን። በእርስዎ አነጋገር ሙሉ ቡድን፣ ያለ ተቀያሪ። ልጃቸው ዝናሽ ጅዳ ሆና በስልክ ቪዲዮ ትከታተል ነበርና፣ ስልኩን የያዘችው በለጡ ሰው አለመኖሩ እንዳይታይባት ከሳጥኑ ላይ ሳታነሳ ቆየች። ዝናሽ ግን ደጋግማ ሰዉን አሳይኝ፣ ሰዉን አሳይኝ አለች። በለጡም ኔትወርኩ አስቸግሯል ብላ ዋሽታ ዘጋችባት። ይህን ስጽፍ ቁጣዬን በጨዋ ቃል መያዝ ተስኖኛል፣ ክቡር ሆይ።

ያን ዕለት ማታ በወጣው ሪፖርትዎ፣ ቡድናችን ያለ ፈቃድ ሜዳ ለቆ በመውጣቱ በፎርፌ መሸነፉንና ጥሩንባዋም ለቀጣዩ የውድድር ዘመን ወደ ዴስኩ መመለሷን አንብበናል። ለግልጽነትዎ እናመሰግናለን።

የምንጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጥሩንባችንን ይመልሱልን። አሰላለፉን እንችለዋለን፤ ቢጫውንም፣ ቀዩንም፣ ከወለሉ የተጣበቀውንም ወንበር እንችላለን። ሳይለቀስልን መቀበርን ግን አልለመድነውም።

ለሚሰጡን ምክርና ለሚያሳዩን ካርድ ሁሉ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ የድል ዘመን እንዲሆንልዎ እመኛለሁ።

የእርስዎው የግራ መስመር ተከላካይ፣ የእኛው አናጢ
ብዙአየሁ

ማስታወሻ፦ እርስዎም የቅሬአችን አባል ነዎትና ያለፈውን እሑድ ውሳኔ ላሳውቅዎ። ጥሩንባዋ እስክትመለስና ሰው እንደገና እስኪያምናት ድረስ፣ የማንኛውም አባል ሐዘን ቤት ለቤት እየተንኳኳ ይነገራል። ለእርስዎ ቤት ብቻ፣ ፈጣሪ ያርቀውና፣ ለመርሕዎ ካለን አክብሮት የተነሳ ማንም በር ሳያንኳኳ በጥሩንባ እንዲነገር በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።