በቀጥታ ሥርጭት ስለፈረሰው ዕርቅ

ለተከበሩ ዶክተር ኪራኮስ ልሳነወርቅ
የዓለም አቀፍ የሰላም አሸማጋዮች የልምድ መለዋወጫ ማዕከል መሥራችና ዋና ዳይሬክተር
አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ክቡር ዶክተር፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብሁ፣ የመክፈቻውንም፣ የመዝጊያውንም፣ በመካከል ደግሞ ማንም ሳይጠይቅዎ ያደረጉትንም ንግግር የተሸከመው ጉሮሮዎ በሙሉ ጤንነት ላይ እንደሚገኝ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ በሲልቨር ስፕሪንግ የምንገኘው እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ በአካል ማለቴ ነው።

እኔ ሰርካለም እባላለሁ፤ በአንድ የጥርስ ሐኪም ቢሮ እንግዳ ተቀባይ ነኝ። ሥራዬ ሰዎች አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት ተራቸውን እንዲጠብቁ ማድረግ ስለሆነ፣ እንደ እርስዎ ባለ ማዕከል ልቀጠር የምችል ሰው አይደለሁም። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የጻፍሁትም ለድፍረት አይደለም፤ በግል ለላክሁልዎ ኢሜይል ረዳትዎ የሰጡኝ መልስ ለእኔ ብቻ ተቀምጦ መቅረቱ ስላሳዘነኝና፣ የቤቴን ጉዳይ እርስዎ በአደባባይ ስላወጡልኝ ውለታዎን ለመመለስ ነው።

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ባለቤቴ መስፍን፣ ብሥራት የሚባል አንድ ታናሽ ወንድም አለው። እናታቸው ከሁለት ዓመት በፊት ደሴ ላይ ሲያርፉ የተደወለው ለታላቁ ነበር። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሰው ሥራ ላይ ሳለም አይረዳም፤ ስለዚህ መስፍን እንደ ወጋችን ዘመድ ወዳጅ ሰብስቦ ቅዳሜ ማለዳ አሌክሳንድሪያ ወንድሙ ቤት ሄዶ ሊያረዳው ቀጠሮ ያዘ። ፌስቡክ ግን ቅዳሜን አልጠበቀም። አንዲት የሩቅ ዘመድ የእናትየውን ፎቶ ከሻማ ጋር ለጠፈች፤ ብሥራትም የእናቱን ሞት ኤርፖርት መንገደኛ እየጠበቀ መኪናው ውስጥ አነበበው። ከፎቶው ሥር "ነፍስ ይማር" ካሉት መካከል የእኛ የቅርብ ጓደኞች ነበሩበት። "አገር ያወቀውን የእናቴን ሞት ወንድሜ ደበቀኝ" አለ፤ ከዚያ ወዲህ የመስፍንን ስልክ አንስቶ አያውቅም። ልጁ ያኔት ከዚያ በኋላ ተወለደች፣ ክርስትና ተነሣች፣ አሁን ትሮጣለች አሉ። ባለቤቴ አይቷት አያውቅም፤ በመካከላችን ያለው አንድ ድልድይ ነው።

በዚህ መካከል የገቡት ጋሽ ወልደአምላክ ናቸው። ላንግሊ ፓርክ ይኖራሉ፤ በዚህ አካባቢ ካሉት ባልና ሚስቶች ግማሾቹ እስካሁን አብረው ያሉት በእርሳቸው ምክንያት ይመስለናል። እኒህ ሰው ብርዱን ሳይፈሩ ክረምቱን ሙሉ ወዲያና ወዲህ ሲመላለሱ ከረሙ፤ ወንድማማቾቹን ለየብቻ እያነጋገሩ፣ ክፉውን ቃል መንገድ ላይ እያስቀሩ፣ ደጉን እያደረሱ፣ በመጨረሻ ብሥራት "እሺ" አለ። ቅዳሜ ከቀኑ በዐሥር ሰዓት ከነልጁ ሊመጣ፣ ቦታውም የእኛ ቤት እንዲሆን ተቆረጠ። ያ ቅዳሜ፣ ክቡር ሆይ፣ የእርስዎም ጉባኤ የመዝጊያ ቀን ነበር።

አቤቱታዬን እንደሚከተለው በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ምስጋና ይቅደም። ከጄኔቫ፣ ከናይሮቢና ከኦስሎ ሳይቀር አሸማጋዮችን ጠርተው፣ በአንድ ሆቴል አሰባስበው እርስ በርሳቸው ልምድ እንዲለዋወጡ ማድረግዎ የሚያስመሰግን ነው፤ የተጣላ ሰው በሌለበት አዳራሽ ስለ ዕርቅ ማውራት ምን ያህል እንደሚቀልም አሳይተውናል። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አንድም የተጣላ አልነበረም ማለቴ ስሕተት ነው። ማዕከሉን አብረውዎት ከመሠረቱት ሰው ጋር ሰላምታ ካቆማችሁ ቆይቷል፤ እርሳቸውም አርሊንግተን ላይ ስሙ ከእርስዎ የማይለይ ማዕከል ከፍተው በዚያው ሳምንት ያንኑ ጉባኤ አድርገዋል አሉ። ከኦስሎ የመጡት እንግዳ ጠዋት ለእርስዎ፣ ከሰዓት ለእርሳቸው ስለ ገለልተኛነት መናገራቸውን ስሰማ፣ ከመጡት ሁሉ ሥራቸውን የሠሩት እኒህ ሰው ብቻ መሆናቸው ታየኝ።

ሁለተኛ፦ ጋሽ ወልደአምላክን በመጋበዝዎ አመሰግናለሁ። እርሳቸው መጀመሪያ "ቀጠሮ አለኝ" ብለው ነበር፤ የእርስዎ ሰዎች ግን "ጠዋት ብቻ ነው፣ መኪና እንልካለን" ብለው አስወጧቸው፤ አንገታቸውም ላይ "አገር በቀል ባለሙያ" የሚል ካርድ ተንጠለጠለ። በዕድሜያቸው ሙሉ ካርድ ሳይኖራቸው ያስታርቁ ለነበሩ ሰው ትልቅ ክብር ነው። ከዚያ እርስዎ ራስዎ ማይክሮፎኑን አስጠግተውላቸው፣ "ያን ምስጢርዎን ለዓለም ቢያካፍሉን" አሏቸው። ጋሽ ወልደአምላክም ፈገግ ብለው፣ "ሽማግሌ አንዱ ዘንድ ሄዶ፣ ወንድምህ ሌት ተቀን እያለቀሰ ነው ይለዋል፤ አለቀሰም አላለቀሰም። ያኛውንም እንዲሁ። ሁለቱም አንጀታቸው ይላወስና ይመጣሉ" አሉ። እርስዎ በዚህ አልረኩም፤ "ምሳሌ ቢጨምሩልን" አሉ። እርሳቸውም ጨመሩ፤ እናትየውን፣ ፌስቡኩን፣ ኤርፖርቱን፣ ዛሬ ከሰዓት የሚገናኙትን ሁለቱን ወንድማማቾች። እርስዎ ተረጎሙ፤ አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ። ይህ ሁሉ በቀጥታ ሥርጭት ይተላለፍ ነበር፤ ደግነቱ ጋሽ ወልደአምላክ የተናገሩት በአማርኛ ስለነበር አሌክሳንድሪያ ላይ ለሚያየው ሰው አስተርጓሚ አላስፈለገውም።

ሦስተኛ፦ ረዳትዎ በጻፉልኝ መልስ "የማንም ስም ስላልተጠቀሰ የግል ጉዳይ አልወጣም" ብለውኛል። እርግጥ ነው፣ ስም አልተጠቀሰም። ወንድማማቾቹ አንዱ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሌላው አሌክሳንድሪያ መሆናቸው፣ ታናሹ ኤርፖርት መሥራቱ፣ እናታቸው ደሴ መሞታቸው፣ ልጅቱ ከመርዶው በኋላ መወለዷ ብቻ ነው የተጠቀሰው። ከዚህ ተነሥቶ ማን እንደሆንን ሊያውቅ የሚችለው ሐበሻ ብቻ ነው። ቪዲዮው ብሥራት ዘንድ የደረሰው ገና ጉባኤተኛው ለምሳ ሳይነሣ ነው፤ የላከለትም ሰው "ይሄ ያንተ ታሪክ አይደለም እንዴ?" ብሎ ጽፎለት ነበር።

አራተኛ፦ ማዕከልዎ ይህን ጉዳይ "የተሳካ ተሞክሮ" ብሎ በድረ ገጹ ላይ አስቀምጦታል። ሽማግሌው ሲናገሩ ዕርቁ ገና አልተፈጸመም ነበር፤ ከተናገሩም በኋላ አልተፈጸመም። በመካከል ያለችው የጭብጨባዋ ጊዜ ግን እንደተሳካች አልክድም።

አምስተኛውን በማዕረግዎ ልክ አሳምሬ ልጽፈው ብዬ ብዙ ሞከርሁ፤ አልሆነልኝም። ባለቤቴ፣ ክቡር ዶክተር፣ በእውነት አልቅሷል። አለቀሰም አላለቀሰም ከሚባሉት አይደለም። መታጠቢያ ቤት ገብቶ ውኃውን ከፍቶ ሲያለቅስ እኔ ከበሩ ውጭ ቆሜ ሰምቻለሁ፤ ለጋሽ ወልደአምላክም የነገርኋቸው እኔ ነኝ፤ እርሳቸውም ለብሥራት ያደረሱት አንዲት ቃል ሳይጨምሩ ነው። በዚያ ክረምት ወዲያና ወዲህ ከተመላለሰው ቃል ሁሉ ምንም ያልተነካካ እውነት ቢኖር እርሱ ነበር። እርስዎ ግን በአንድ ጥያቄ ዘዴ አደረጉት። ብሥራት ለሽማግሌው ደውሎ የተናገረው ይህን ብቻ ነው፦ "እሱ ያለቀሰው በዘዴ ከሆነ፣ እኔም በዘዴ እቀራለሁ።"

እኛ ይህን አላወቅንም። መስፍን ከማለዳው ጀምሮ ሕፃን ትመጣለች ብሎ የቤቱን የኤሌክትሪክ ሶኬት ሁሉ በፕላስቲክ ሲደፍን ነበር። ዐሥር ሰዓት ሆነ፤ ዐሥራ አንድም ሆነ። በመጨረሻ በሩ ሲንኳኳ ሱፉን እያስተካከለ ሮጦ ከፈተ፤ የቆሙት ጋሽ ወልደአምላክ ብቻ ነበሩ፤ ያ ካርድዎ አሁንም አንገታቸው ላይ ነበር። ገብተው አልተቀመጡም። "ሰርካለም ልጄ፣ ሰው ሲያጨበጭብልሽ አፍሽ የራስሽ አይሆንም" አሉኝ። ከዚያ በኋላ ለሽምግልና የጠራቸውን ሁሉ "እንግዲህ እኔን ማን ያምነኛል?" እያሉ ይመልሳሉ። እኔ ተቀይሜያቸው ነበር፤ አሁን አዝንላቸዋለሁ። ለእርስዎ ግን ገና አላዘንሁልዎትም፤ ጊዜ ይስጡኝ።

የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። ቪዲዮውን ያውርዱልን። ረዳትዎ "ከጉባኤው ሁሉ ብዙ ተመልካች ያገኘው ክፍል ስለሆነ ማውረድ ያስቸግራል" ብለውኛል፤ ችግርዎ ይገባኛል፤ ከእኛም እንደሚበልጥ አምናለሁ። ማውረዱ ካልተቻለ ግን ከሥሩ በትንንሽ ፊደል፣ "እነዚህ ወንድማማቾች አልታረቁም፤ ያላስታረቃቸውም ይህ ጉባኤ ነው" የሚል ይጨመርልን። ትምህርት ለመለዋወጥ አይደል የተሰበሰባችሁት?

ለዓለም ሰላም የሚደክሙበትን ዕድሜ እግዚአብሔር ያርዝምልዎ፤ ድካምዎን ግን ከቤታችን ያርቅልን እያልሁ፣ ወንበሬን ለቅቄ፣ አንገቴን ሰብሬ፣ እጅ እነሣለሁ።

ስሟ ያልተጠቀሰው የታላቅየው ሚስት፣
ሰርካለም ንጉሴ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ማስታወሻ፦ በሚቀጥለው ጉባኤዎ እንዲያካፍሉት አንድ ትምህርት በነጻ ልጨምርልዎ። ይህን ጽፌ ልልከው ስል፣ ባለፈው እሑድ ባለቤቴ ሽማግሌ ሳያስከትል፣ ለእኔም ሳይነግረኝ ሄዶ የወንድሙን በር አንኳኳ። ብሥራት ራሱ ከፈተለት። መስፍን እንባው እየወረደ ነበር፤ ብሥራት ግን ፊቱን አላየም፤ በትከሻው ላይ አሻግሮ ኮሪደሩን ግራና ቀኝ ተመለከተና "የሚቀርጸው ሰው የታለ?" ብሎ ጠየቀው። ከዚያ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው። ያኔት ከአባቷ እግር ሥር ቆማ ስለነበር ባለቤቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አይቷታል፤ እናቱን ትመስላለች ይላል።