ዛሪማ ላይ የተከልኩት ድንኳን

ይድረስ ለሞላ፣ በሹፌርነቱ አቻ አልተገኘለትም ለተባለው ባለቤቴ፤

ከተለየኸኝ አንድ ክረምት ሙሉ ዘንቦ አባርቷል። እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም፤ በሕይወት ሳለህም መልስህ "አለሁ" ብቻ ነበር። እኔም አለሁ። ቀን ሐኪም ቤቱ ካርድ ክፍል እንደ ድሮዬ እውላለሁ፤ ማታ ቤት ስገባ ዘመዶችህ ቀድመውኝ ተቀምጠው አገኛቸዋለሁ። ሊያጽናኑኝ ነው አሉ። ማጽናናት ማለት በሰው ሳሎን እግር ዘርግቶ ቴሌቪዥን ማየት ከሆነ ከእነሱ የሚበልጥ አጽናኝ የለም።

ወንድምህ ደርሶ ደግሞ መኪናህ ላይ ዓይኑን ጥሏል። ቱሪስት ስታመላልስባት የኖርክባትን ላንድክሩዘር ለእሱ አስረክቤ ቤቴ ቁጭ እንድል ይመክረኛል። ሲመክረኝ ድምፁን ለሕፃን እንደሚያወራ ሰው ያለሰልሳል። ሥራው ሰሜን ተራራ መውጣት ነው፣ ሊማሊሞን መውረድ ነው፣ እሱን ደግሞ እንደ ሞላ የሚችለው ወንድ የለም፣ እንኳን ሴት ይለኛል። በዚያ መንገድ አውቶቡስና የጭነት መኪና በየቀኑ እንደሚያልፍ ለደርሶ የነገረው የለም መሰለኝ። የአዘዞ ሹፌር ጓደኞችህም ራሳቸውን እየነቀነቁ ያጅቡታል። ከመካከላቸው አንዱ ገና እዚሁ አፍንጫችን ሥር ጠዳ ሳይደርስ ማርሽ እንደሚጠፋበት አንተው ነበርክ የምታወራልኝ።

ግን እነሱን ብቻ ለምን እወቅሳለሁ? ያስተማርካቸው አንተ ነህ። መንጃ ፈቃድ ባወጣሁ ቀን "ሸጋ ነው፣ ከሠርጋችን ፎቶ ጎን ስቀይው" ያልከኝን አልረሳሁም። ፈረንጅ ሴት ብቻዋን ቦርሳ አዝላ ስትመጣ ጎበዝ ናት ትላለህ። እኔ አንድ ቀን ይዘኸኝ ሂድ ስልህ ግን ቦታው ለሴት አይሆንም፤ ብርዱ፣ ገደሉ፣ መንገዱ። ፈረንጇ ምን ነበረች፣ ፍየል?

ስለዚህ ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ወሰድኩና ለዘመዶችህ እንፍራንዝ እህቴ ዘንድ እሄዳለሁ ብዬ፣ ድንኳንህንና ቡታጋዝህን ጭኜ ብቻዬን ወደ ደባርቅ ወጣሁ። ከራሴ ጋር ተማክሬ ነበር። ሊማሊሞን ወርጄ በሰላም ከተመለስኩ መኪናዋም ሥራውም የእኔ ነው፤ መሪው ላይ እጄ ከከዳኝ ቁልፉን ለደርሶ እሰጣለሁ።

መጀመሪያ የሰሜን ተራራ ፓርክ ገባሁ። ብቻዬን ልራመድ ብል ጠመንጃ የያዘ ጠባቂ ካልተከተለሽ አይሆንም አሉኝ። ተከተለኝ፤ ቀኑን ሙሉ ከኋላዬ እያዛጋ። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ሣራቸውን ከመንጨት ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። ለእንግዳ ሁሉ ስትሰብክለት የኖርከውን ገደልም አየሁት። ጥልቅ ነው። ቁርጥ ያለ ነው። ለሴት የማይሆንበትን ምክንያት ፈልጌ አጣሁት።

በማግስቱ ሊማሊሞን ወረድኩ። አልዋሽህም፣ ያስፈራል። ጥምዝምዙ ላይ መኪናዋ አፍንጫዋን ወደ ባዶው ስታዞር ፍሬኑን እስከ ጥጉ ረገጥኩ። በአንደኛ ማርሽ፣ እመቤቴን እየጠራሁ፣ ጥሩንባ የሚነፋብኝን አይሱዙ ሁሉ እያሳለፍኩ ወረድኩ። ታች ስደርስ ላብ አጥምቆኛል፤ ከእናንተ ከወንዶቹ ወገን አንድ ሰው ባገኝ ኖሮ ያለ ጥፋቱ እሰድበው ነበር።

ከገደሉ ሥር ካለችው ዛሪማ ልደርስ ስል ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነበር፤ ሙቀቱ ግን ፍንክች አላለም። ከመንገዱ ወጣ ብዬ ከደረቀ ወንዝ ዳር ድንኳኔን ተከልኩና በሩ ላይ ተቀመጥኩ። ጥቁር ልብሴን አላወለቅኩም ነበር። ላይ ተራራው ላይ ሰው የቱሪስት ድንኳን ለምዷል። እዚህ ቆላው ላይ ግን ድንኳን የሚተከለው ወይ ለሠርግ ነው ወይ ለለቅሶ፤ ጥቁር የለበሰች ሴት በሩ ላይ ብቻዋን ከተቀመጠች ደግሞ ሠርግ አይደለም። ውኃ ቀድታ የምትመለስ ሴት አየችኝና ጀሪካኗን አስቀምጣ ጮኸች። የጣድኩት ሻይ ሳይፈላ መንደሩ ነጠላውን አዘቅዝቆ ደረሰ። ወንዶቹ ድንጋይ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሴቶቹ ከበቡኝና ማን እንደሞተ እንኳ ሳይጠይቁ አለቀሱልኝ። ከዚያ አንዲት እናት ዓይናቸውን ጠርገው ሬሳው የት እንዳለ፣ ቀብሩስ መቼ እንደሆነ ጠየቁኝ።

ለማስረዳት ሞከርኩ። ባሌ ከሞተ መክረሙን፣ ጎንደር መቀበሩን፣ እኔ ግን እንዲሁ በፈቃዴ ሜዳ ላይ ላድር መምጣቴን። "ምነው ልጄ፣ ቤት ሳለሽ?" አሉኝ። ይኸኔ አያ ተገኘ የሚባሉ ሽማግሌ ተነሥተው መኪናዋን ዞሯት፣ በሯ ላይ ያለውን ጭረት በጣታቸው ነኩና "ይቺ የሞላ ማኪና አይደለች እንዴ?" አሉ። የሞተው እሱ ነው አልኳቸው። ተመልሰው ተቀመጡ። "እንዲያማ ከሆነ አልተሳሳትንም፤ መርዶ ነው ያመጣችልን" አሉ ለሰዉ። እንደገና ተለቀሰ፣ አሁን በስምህ። ንፍሮ መጣ። እኔም አለቀስኩ፤ ቤቴ ውስጥ እንዲህ አልቅሼ አላውቅም፣ ቴሌቪዥኑ አያስለቅስም።

ለቅሶው በረድ ሲል አያ ተገኘ ስላንተ ያወጉ ጀመር። ሸጋ ሰው ነበር አሉ፤ ሊማሊሞን ሁልጊዜ በእግሩ ነበር የሚወርዳት። የተሳሳቱ መስሎኝ ደግሜ ጠየቅኋቸው። አልተሳሳቱም። ደባርቅ ላይ ሌላ ሹፌር ትጠራለህ፣ መኪናዋን እሱ ያወርዳታል፤ አንተ ፈረንጆችህን አሰልፈህ፣ ይህ የእግር ጉዞው ክፍል ነው እያልክ በአቋራጭ ትወርዳለህ። ከዚያ እሳቸው ቤት ጥላ ሥር ተቀምጠህ ውኃ ትጠጣለህ። አንድም ቀን ሊማሊሞ ላይ መሪ ጨብጠህ አታውቅም። ሳቄ አመለጠኝ፣ እዚያው ለቅሶው መካከል። ሴቶቹ ሐዘን አዙሯታል ብለው ያዙኝ።

አያ ተገኘ አንድ ቀን ምነው ራስህ አትነዳም ብለው ጠይቀውህ ኖሯል። "ገደል ብገባ ለራሴስ ግድ የለኝም፤ የሻረግ ግን ብቻዋን ማደር አትችልም፣ ጨለማ ትፈራለች" ብለሃቸዋል። አንተ ውሸታም። መብራት ሲጠፋ ሻማ ፍለጋ ቤቱን የምታተራምሰው አንተ ነበርክ። እሳቸው ግን አምነውሃል፤ የሻረግ እኔ መሆኔን ሲሰሙ ሁለት ሴቶች መድበው ድንኳኔ ውስጥ አብረውኝ አሳደሩ። ግራና ቀኝ እያንኮራፉ ሲያሞቁኝ እኔ አንተን አሰብኩ። እኔን ብቻዬን ላለማስቀረት ያን ሁሉ ገደል በእግርህ ወርደህ፣ የጉበት በሽታ አልጋህ ላይ ገደለህ።

ጠዋት ሽቅብ ነዳሁ። መውጣቱ ከመውረዱ ይቀላል፤ ለነገሩ አንተ አታውቀውም።

ቁልፉን እንደማልሰጠው ለደርሶ ነግሬዋለሁ። ብዙ ተናገረ። በአንዲት ቃል አፉን ላስይዘው እችል ነበር፤ በእግር መውረድህን ላወጣበት፤ ምላሴ ላይ ስትመጣ ዋጥኳት። አንተን ለእንደዚያ ያለ ሰው አሳልፌ አልሰጥም። የመጀመሪያዎቹን እንግዶች በቅርቡ ይዤ እወርዳለሁ፤ አያ ተገኘ ጋም አርፋለሁ።

እነሱ ሊማሊሞን በመኪና ያንበረከከውን ጀግና ያስቡ፣ ምን ቸገረኝ። እኔ እስክሞት የማስበው ጫማውን አቧራ አልብሶ፣ ገደሉን ፈርቶ፣ በእግሩ የወረደውን ሰው ነው። ያን ሰው ስንት ዘመን አብሬህ ኖሬ አንድ ቀን አላሳየኸኝም። ለዚህ ይቅር አልልህም፣ ሞላዬ።

የሻረግ