ጠግቦ ነው ያልኩት ፈረስ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽ እንዴት ነው? ዓይንሽስ አዲሱን መነጽር ለመደው ወይስ አሁንም ግንባርሽ ላይ ሰቅለሽው ቤቱን ሙሉ ትፈልጊዋለሽ? ቤተሰቡ፣ ጎረቤቱ፣ ሁሉም ደህና ነው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ናፍቆታችሁ አንዳንድ ቀን ይብስብኛል እንጂ ሌላ የሚያመኝ ነገር የለም። በስልክ ስንገናኝ ምን እንደበላሁ ብቻ ጠይቀሽኝ ካርዱ ያልቃል፤ ስለዚህ ይህን ወሬ በወረቀት ይሻላል ብዬ ተቀመጥኩ። ረጋ ብለሽ አንብቢው።

ድንቡሼን ታውቂዋለሽ። ፎቶውን ስልክልሽ «ይሄ ፈረስ ነው ወይስ ትራስ?» ብለሽ የሳቅሽበት አጭሩ ቡናማ ፈረስ ነው። ዘሩ ድንክ ስለሆነ ቁመቱ ከደረቴ አያልፍም። የምሠራላቸው መምህርት ባለቤታቸው ከመሞታቸው በፊት የገዙላቸው የመጨረሻ ስጦታ እሱ ነው፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከሰው ይልቅ ከእሱ ጋር ነው የሚያወሩት። እኔ ከመጣሁ ጀምሮ ደግሞ ማብላቱም፣ መቦረሹም፣ ሜዳ ማውጣቱም በእኔ እጅ ነው።

እንግዲህ አንቺ ያሳደግሽኝ ልጅ ነኝና ፍቅሬን በምን እንደምገልጽ አይጠፋሽም። ባልዲው ላይ ሁልጊዜ አንድ እፍኝ ገብስ እጨምር ነበር። ካሮት ስከትፍ ጫፍ ጫፉ የእሱ ነው። ምሳዬን ስበላ አጥሩ ላይ አገጩን አስደግፎ ካየኝ ዳቦው አልዋጥ ይለኛል፤ «በሞቴ» እያልኩ አካፍለዋለሁ። እሱም እንደ እንግዳ አይግደረደርም። ከጋማው ሥር ስቡ ተቆልሎ ጠጠረ፣ ጎድኑ በእጅ ቢፈለግ አልገኝ አለ፣ እኔ ግን በኩራት እቦርሸው ነበር። መንገደኛ ቆም ብሎ «ሲያምር!» ሲል የተመሰገንኩት እኔ ይመስለኝ ነበር።

ከሰባት ሳምንት በፊት ነው። ዝናብ ጥሎ ሣሩ በአንድ ጊዜ ፈነዳ፣ ድንቡሼም ከጠዋት እስከ ማታ ከዚያ አልወጣም። ከዚያ አንድ ቀን ወደ በረቱ ላስገባው ብል አልሄድም አለ። ገመዱን ስስብ አንገቱን ብቻ ይሰጠኛል። በግድ ሲንቀሳቀስም እርምጃው ቁርጥ ቁርጥ ይላል፤ ጠጠሩ ላይ ሲደርስ ይቆማል፣ ላዞረው ስል ደግሞ ጭራሽ ይደነቃቀፋል። ተናደድኩ። «ጠግቦ ነው!» አልኩ። በእኛ ቤት እምቢ ያለ ሁሉ ጠግቦ አይደል?

መምህርቷ በመስኮት አይተው ምን ሆነ ሲሉኝ ያንኑ ቃል ወደ ቋንቋቸው ገልብጬ ነገርኳቸው። ለካ በእነሱ ዘንድ ጥጋብ የሆድ ነገር ብቻ ነው። እሳቸው የሰሙት በደንብ በልቷል የሚል ነበርና ደስ ብሏቸው አመስግነውኝ መስኮቱን ዘጉ። እንዲህ የተግባባን መስሎን ሦስት ቀን አለፈ። እማዬ፣ ሦስት ቀን ሙሉ የታመመ እንስሳ ጎትቻለሁ። አንዴም ታፋውን በመዳፌ መትቼዋለሁ። መምታቴን ለሌላ ሰው አልተናገርኩም፤ ከአንቺ ግን ምን እደብቃለሁ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት የፊት እግሮቹን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ ክብደቱን ሁሉ ወደ ኋላ ጥሎ ቆሞ አገኘሁት። አንዱን እግር ያነሳል፣ መልሶ ያሳርፋል፣ ሌላውን ያነሳል። ባልዲ ሳንኳኳ ጆሮውን አዞረ እንጂ አልመጣም። ድንቡሼ ባልዲ ሰምቶ ሲቀር ያን ጊዜ ነው የደነገጥኩት። ጎንበስ ብዬ የፊት ሰኮናዎቹን ብነካቸው ይፋጃሉ። ከሰኮናው ከፍ ብሎ ከኋላ በኩል ያለው የደም ሥር ጣቴን ድው ድው እያደረገ ይመታኛል፤ በጎኑ በረት ያለችውን ጤነኛዋን ባልቴት ባዝራ ብዳስስ ግን ትርታዋ በጭንቅ ነው የተገኘው። ሮጬ ሄድኩና ለመምህርቷ «አሞታል» አልኳቸው። ይህ ቃል ሲተረጎም አልጠፋም።

የእንስሳት ሐኪሟ ገና በስልክ ሳለች አንድ እርምጃ እንዳታስኬዱት፣ ሣርና ገብስ እንዳያይ፣ ውሃ አቅርቡለት፣ ከሥሩም ለስላሳ ነገር ጎዝጉዙለት አለች። ሰዓት ሳይሞላ ደረሰች። ሰኮናውን በመቆንጠጫ ቀስ እያለች ጫን ጫን ስታደርገው እግሩን ነጠቃት። ሰኮናው ውስጥ ያለውን አጥንት ከሰኮናው ጋር አጣብቆ የሚይዘው ሥጋ ተቆጥቷል አለችን፤ ከመጠን በላይ የወፈረ ፈረስ ለምለም ሣር ሲያገኝ ይህ ይመጣበታል። መያዣው ላልቶ አጥንቱ ብዙ ከወረደ ከሥቃዩ ከማሳረፍ ሌላ መድኃኒት የለውም። ራጅ ልታነሳው ስትዘጋጅ መምህርቷ የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀምጠው አንገታቸውን ደፉ።

ሐኪሟ ምን እንደሚበላ ጠየቀች። ዝም ማለት እችል ነበር፣ ያየኝ የለም። ግን ገብሱንም፣ ካሮቱንም፣ ዳቦውንም፣ «ጠግቦ ነው» ያልኩትንም ሁሉ ዘረገፍኩት። ከሥራ የምባረር መስሎኝ ነበር። መምህርቷ ቀና ሳይሉ፣ «እኔም በጓዳው በር ፖም እሰጠው ነበር፤ እሷ እንዳታየኝ እየተደበቅኩ» አሉ። ሐኪሟ ሁለታችንንም አየችንና ወደ እኔ ዞራ፣ «ትርጉምሽ አልተሳሳተም። የታመመው ጠግቦ ነው» አለች።

ራጁ አጥንቱ ትንሽ ብቻ እንደተንቀሳቀሰ አሳየ። ተስፋ አለው፣ ግን ሳምንታት ይፈጃል ተባልን። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀን እግሩን በበረዶ አቀዘቀዝነው። በረቱን በሰጋቱራ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ሞላሁለት፣ የሕመም ማስታገሻውን በሰዓቱ ሰጠሁት። ሰኮና ጠራቢው መጥቶ የረዘመውን አስተካከለና ከሥር ለስላሳ ንጣፍ አሰረለት። ድርቆሹን ሐኪሟ ባለችኝ ልክ እመዝንና ስኳሩ እንዲወጣ ውሃ ውስጥ እዘፈዝፈዋለሁ። ፈጽሞ እንዳላስርበው ደግሞ አጥብቃ አስጠንቅቃኛለች፤ እንዲህ የወፈረ ፈረስ ምግብ በድንገት ቢቋረጥበት ሌላ በሽታ ይጥለዋል። ድርቆሹን ጨርሶ ቀና ብሎ ሲያየኝ አንጀቴን ይበላዋል። ሌላ የሚበላ ስላላገኘ ይመስለኛል። እኔም በምግብ ፈንታ ጋማው ሥር አክክለት ጀመር፤ የላይኛውን ከንፈሩን አሹሎ ዓይኑን ይጨፍናል። ከገብስ እኩል ይወደዋል ብልሽ ውሸት ይሆንብኛል።

ባለፈው ማክሰኞ ሐኪሟ መጥታ ሰኮናው እንደቀዘቀዘ፣ ትርታውም እንደረጋ አየች። ሆዱን በሜትር ለክታ መቀነሱን ጻፈች። ከዚያ ለስላሳው መሬት ላይ ጥቂት እንዳስኬደው ፈቀደችልኝ። ገመዱን ላላ አድርጌ ይዤ ቆምኩ፣ አልሳብኩትም። ራሱ ጀመረ። ውሃው ገንዳ ድረስ ሄዶ ዞረ፤ ከሁሉ የሚያመው መዞር ነበር፣ ምንም ሳይል ዞረ። መምህርቷ አለቀሱ፣ እኔም አለቀስኩ፣ ሐኪሟ ሰዓቷን እያየች ጠበቀችን። ነገሩ አላለቀም፤ ደሙ ገና ይመረመራል፣ ሜዳ ሲወጣም ሣሩን በጥቂቱ ብቻ እንዲግጥ አፉ ላይ ወንፊት የመሰለ ቅርጫት ይጠለቅለታል። ግን በሕይወት አለ፣ ይራመዳል። ደስ ብሎኛል፣ እማዬ።

እህቴን ሳሚልኝ፤ የላከችልኝ ሹራብ ልኬ ነው፣ ቀለሙን ግን ከየት እንዳመጣችው ትንገረኝ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋን፣ አክስቴንና ልጆቿን አንድ በአንድ ሰላም በዪልኝ።

አባዬን ለብቻው ያስቀረሁት በምክንያት ነው። ባለፈው ሳምንት በስልክ «አባትሽ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ጠግቧል፤ ገበያ እንሂድ ስለው ከወንበሩ አልነሳም ይላል፣ እጁን ጎትቼ ነው የማስነሳው» ብለሽኝ ስቀን ነበር። ስልኩን ዘግቼ ወደ በረት ስወርድ ሳቄ ቆመ። አባዬ ሠላሳ ዓመት በእግሩ ፖስታ ሲያድል የኖረ ሰው ነው፤ መንገድ ከመቼ ወዲህ ነው የሰለቸው? እባክሽ እጁን አትጎትቺው። ጫማውን አስወልቂና እግሩን በእጅሽ ዳስሰሽ እዪለት፤ ከዚያ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ቤት ሂዱ። ስንፍና ብቻ ከሆነ በስልክ እኔ ራሴ እቆጣዋለሁ። መጀመሪያ ግን አሞህ ነው ወይ ብለሽ ጠይቂው። እኔ ሳልጠይቅ ሦስት ቀን ጎትቻለሁ።

የምትወድሽ ትልቋ ልጅሽ

ከበረቱ በላይ ካለችው ክፍሌ
ግንቦት 19 ቀን