የሶፍቷ ጭራ

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ይህን የሚያነቡልህ እማማ እንደሆኑ አውቃለሁ። እጅህ ወረቀት አልይዝ ካለ ወዲህ የሚመጣልህን ሁሉ እሳቸው ናቸው የሚያነቡልህ ብለውኛል። ስለዚህ ከአንተ በፊት እሳቸውን ይቅርታ ልጠይቅ። እማማ፣ ከዚህ በታች አንድ የሚወዱትን ሰው እያነሳሁ እጥላለሁ፣ አንቱታውንም ትቼበታለሁ። በሞቴ፣ ተናደው መሃል ላይ አያቋርጡት፣ እስከ መጨረሻው ያንብቡለት።

ነገሩ ይህ ነው። አማካሪያችን ነገ ሊጠይቅህ ይመጣል። ብርቱካን ይዞ ይመጣል፣ አልጋህ አጠገብ ይቀመጣል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ልጄ" ይልሃል። ከዚያ ከቦርሳው ወረቀት አውጥቶ እንድትፈርምለት ይለምንሃል። እንዳትፈርም። እሱ ሳይደርስ ይድረስህ ብዬ ነው በዛሬው አውቶቡስ ረዳት እጅ የምልከው።

ለእማማ ጠዋት በስልክ ልነግራቸው ሞክሬ ነበር። "እኚያን የመሰለ ሰው? በገዛ መኪናቸው ልጄን እቤቱ ድረስ ያመጡልኝን?" አሉኝ። ቀጥለውም "አንቺ ልጅ፣ ትምህርቱ ሳያዞርሽ አልቀረም፣ ትንሽ እረፊ" ብለው ዘጉት። አልፈርድባቸውም። እኔም እስካለፈው ሳምንት እንደ እሳቸው ነበርኩ።

አንተ የምታውቀውን ለእማማ ስል ላስረዳ። እማማ፣ እኛ ዶክትሬት ብለን የምንሠራው አፈር ማሞቅ ነው። ወርቅ ከሚታጠብበት ቦታ የመጣ አፈር እናሞቃለን፣ ውስጡ ያለው ሜርኩሪ ይተናል፣ ምን ያህል እንደሆነ እንለካለን። ልጅዎ እኔን "አፈር አሟቂዋ" እያለ የሚጠራኝ ለዚህ ነው። እንፋሎቱ መርዝ ስለሆነ የምንሠራው መስታወት በር ባለው ትልቅ ሳጥን ውስጥ ነው፤ ሳጥኑ አየሩን ስቦ በጣሪያ በኩል ያወጣዋል። ያወጣዋል ብለን ነበር።

ወንድም ጋሼ፣ ያቺን የሶፍት ቁራጭ እንዴት እረሳታለሁ? ላቦራቶሪው ውስጥ በገባሁ ሰሞን አንተ ነህ በቀጭኑ ቀደህ ከሳጥኑ አፍ ላይ በፕላስተር የለጠፍካት። "አየር ወደ ውስጥ እስከሳበ ድረስ ጭራዋን ትቆላለች። ዝም ካለች እሳቱን አጥፍተሽ ውጪ" አልከኝ። ከዚያ ወዲህ የላቡ ሰላምታ "እንደምን አደራችሁ" መሆኑ ቀርቶ "ጭራዋ ደህና አደረች?" ሆነ። አንተ በየጠዋቱ ቦርሳህን ሳታስቀምጥ እሷን ታያለህ። ጭራዋን ትቆላለች፤ እንሠራለን። ያን ያህል ጠንቃቃ ሰው እኔ አላየሁም፣ ሲበዛም ያበሳጨኝ ነበር።

የአማካሪያችንም ደግነት እውነት ነበር፣ ወይም ይመስል ነበር። ሰው ላይ ጮሆ አያውቅም፣ ለዚህም ነው አባ ዝምታ ያልነው። የራሱን ላቦራቶሪ እንኳ በጣቱ ጫፍ ቀስ አድርጎ ሳያንኳኳ አይገባም። በዚያ ሙቀት ጊዜ ማራገቢያ ገዝቶ ተሸክሞልን ሲመጣ "አባት ማለት እንዲህ ነው" አልን። መደርደሪያው ላይ፣ ከሳጥኑ ትይዩ አስቀመጥናት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማንም አጥፍቷት አያውቅም።

ለፌሎሺፑ፣ ለዚያ የምርምር ገንዘብ፣ ሳመለክት የረዳኸኝን አልረሳም። የምርምር ሐሳቤን አንብበህ "ይሄ እኮ ልመና ነው፣ አንቺ የምትለምኚው ምን አጥተሽ ነው?" ብለህ ከሥር ጀምሮ አስጻፍከኝ። አማካሪው የሚጽፈውንም የድጋፍ ደብዳቤ እንደ ደንባችን ራሳችን ነበር ያረቀቅነው፤ እሱ ፈረመ። "ስላንቺ የጻፍኩት ውሸት ቢጠራቀም አንድ ዶክትሬት ይወጣዋል" ብለህ ሳቅክ። ያን ቀን ሻይህን ቀምሰህ ፊትህን አጨማደድከው። "ሳንቲም የከተቱበት ይመስላል" አልከኝ። ስኳር ጨመርክበትና ዝም ብለህ ጠጣኸው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም አይተናል፣ ያየነውን ግን ማናችንም አላወቅነውም። ብልቃጥ ከእጅህ መውደቅ ጀመረ። ሳታዳምጠኝ ትቆጣለህ፣ ተቆጥተህ ደግሞ አንገትህን ትደፋለህ። ሰው ፊት ቆመህ ጥናት ማቅረብ የምትወደው አንተ በሴሚናር ቀን ሽንት ቤት ተደበቅክ። እኛ ምን አልን? "ዶክትሬት ነው፣ ያልፋል" አልን። እዚህ ቤት እኮ የማይንቀጠቀጥ ማን አለ? እንቅልፍ ያጣ፣ የሚያለቅስ፣ ምግብ አልበላ ያለው ሁሉ ተመራማሪ ነው። አባ ዝምታም ትከሻህን መታ መታ አድርጎ "አንዳንዱ ነርቩ አይችለውም፣ ልጄ፤ ነውር የለውም" ብሎህ በመኪናው ወሰደህ። ወንበርህንና ሥራህን ለእኔ ሰጠኝ። ፌሎሺፑም ወጣልኝ፤ የቀረው ገምጋሚዎች መጥተው ላቡን ማየታቸው ብቻ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ለእነሱ ስናፀዳ እኔና እሱ ብቻ ነበርን። ጉንፋን ይዞት ነበር። "ይቺ ነገር ጀርባዬን ያዘችኝ፣ አጥፊያት እስቲ" አለኝ፣ ማራገቢያዋን ማለቱ ነው። አጠፋኋት።

ጭራዋ ቀጥ ብላ ቆመች።

መጀመሪያ ሳጥኑ የጠፋ መስሎኝ ነበር። ግን ሞተሩ እንደወትሮው ይጮሃል። እጄን ወደ ውስጥ ከተትኩ፤ ምንም። የክብሪት ጭስ ሞከርኩ፣ ጭሱ ወደ ውስጥ መግባቱ ቀርቶ ወደ እኔ ፊት መጣ። ስንት ጊዜ እንዲህ ኖረን ይሆን? ሶፍቷን ስታወዛውዝ የኖረችው ማራገቢያዋ ነበረች፣ ወንድም ጋሼ። አንተ ዘወትር ጠዋት የምታየው የማራገቢያዋን ንፋስ ነበር።

ዞር ስል አባ ዝምታ ያያል። እኔን አይደለም፣ ሶፍቷን። በዚያው ለስላሳ ድምፁ፣ "መልሰሽ አብሪያት" አለኝ።

"ፕሮፌሰር፣ ይሄ እኮ አይስብም።"

"አውቃለሁ ልጄ። ለጥገና ነግሬያለሁ።"

"መቼ?"

"ቆየት ብሏል። ገምጋሚዎቹ ይሂዱ፣ ሁሉን እናስተካክላለን። ፌሎሺፑ የተሰጠሽ በዚህ ላብ ነው፤ ላቡ ከተዘጋ የት ልትሠሪበት ነው?"

መልሼ አበራኋት። አዎ፣ አበራኋት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብኝ ፈራሁ። እናቴ ለጎረቤቱ ሁሉ አውርታ ጨርሳለች፤ አባቴ ገና ካሁኑ "ዶክተሯ" እያለ ይጠራኛል። በዚያ ሳምንት እሳቱን አልነካሁም፣ ራስ ምታት እያልኩ አመለጥኩ። አባ ዝምታ ግን በየቀኑ በጣቱ ጫፍ ያንኳኳል፣ ሻይ ያመጣልኛል፣ "ደህና ነሽ?" ይለኛል። ያ "ደህና ነሽ" እንዴት እንደሚያስፈራ ብነግርህ ትስቃለህ።

ገምጋሚዎቹ ትናንት መጡ፣ አንዲት ሴትና አንድ ሽማግሌ። ሴትየዋ ሳጥኑ ፊት ቆማ "ይሄ ይሠራል?" አለች። አባ ዝምታ ፈገግ ብሎ ሶፍቷን አሳያት። "ከተማሪዎቼ አንዱ የፈጠራት ናት። እስከተንቀሳቀሰች ድረስ ይሠራል።" ጭራዋን ትቆላለች። ሴትየዋ ወደደቻት፣ ልትጽፍም ብዕሯን አነሳች። እኔ አንተን አሰብኩ። ስልክ ስደውል ከጀርባ የሚሰማኝን የማንኪያህን መንቀጥቀጥ አሰብኩ። ሄጄ ማራገቢያዋን አጠፋኋት።

ጭራዋ ቀጥ አለች፣ ሞተሩ ግን ይጮሃል። ሴትየዋ ሶፍቷን አየች፣ እጇን አስገባች፣ አወጣች። ሽማግሌው መስኮት ከፈተ።

የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። አባ ዝምታ ግን ያዘነ መሰለ። "የዚህን ሳጥን ደህንነት የሚቆጣጠረው ያ ተማሪ ነበር" አላቸው። "በየጠዋቱ ይሠራል ብሎ የሚያረጋግጥልን እሱ ነው። አእምሮው መታወኩን ያወቅነው ዘግይተን ነው። ሌሎቹን ልጆቼን አስጎዳብኝ።" ይህን ሲል ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሴትየዋ "ኃላፊው እሱ ስለመሆኑ በፊርማው የተረጋገጠ ነገር አለ?" ብላ ጠየቀችው። "አመጣለሁ" አላት።

ገባህ? ያንን ፊርማ ሊወስድ የሚመጣው ከአንተ ነው። የሳጥኑ ኃላፊ አንተ ነበርክ የሚለውን ወረቀት የጻፈችው የእሱ ጸሐፊ ናት፤ ዛሬ ኮሪደር ላይ ይዛ ነገረችኝ። የድሮ ቀን አስጽፏታል። እጅህ አይታዘዝም ብላ ስትጠይቀው "ግድ የለም፣ እጁን ይዤ አግዘዋለሁ" አላት። ብርቱካኑንም እንድትገዛለት እሷኑ ላካት።

እማማ፣ አሁን ለእርስዎ ነው። ልጅዎ ነርቩ አልደከመም፣ አእምሮውም አልታወከም። የተነፈሰው መርዝ ነው። ነገ ጠዋት ሐኪም ቤት ይውሰዱትና ደሙንና ሽንቱን ለሜርኩሪ እንዲመረምሩት ይንገሯቸው። ጭንቀት ነው ካሉዎት እሺ እንዳይሉ፤ እኛም እንዲሁ ብለን ነው እዚህ ያደረስነው። መድኃኒት አለው፣ ጊዜ ግን አይሰጥም። አሁኑኑ ለመምጣት ልቤ ቆሞ ነበር፤ ነገ ግን ገምጋሚዎቹ ቃሌን ይቀበላሉ፣ ቃሌን ሳልሰጥ ብመጣ የሚሰማው የአባ ዝምታ ቃል ብቻ ይሆናል። ከነገ ወዲያ እናንተ ዘንድ ነኝ። ፌሎሺፑን አግደውታል፤ ለእሱ የማለቅስበት ጊዜ አላገኘሁም።

አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ወንድም ጋሼ። ያ የሳንቲም ጣዕም ከጀመረህ በኋላ እጅህ መንቀጥቀጥ የጀመረው ስንት ጊዜ ቆይቶ ነው? ካስታወስክ ለእማማ ንገራቸውና ይደውሉልኝ። እኔም ከሰኞ ጀምሮ ሻይ ሳንቲም ሳንቲም እያለ አልጠጣ ብሎኛል። ትናንት ደም ሰጥቻለሁ፣ ውጤቱን እየጠበቅኩ ነው። ፈርቻለሁ፣ አልዋሽህም።

አንተ ያቺን ሶፍት የሰቀልካት ሰው እንዲተርፍ ብለህ ነው። ይህን ማንም እንዲያጣምምብህ አልፈቅድም፣ ዓይኔ እያየ አይሆንም።

እማማ፣ ከሐኪም ቤት ሲመለሱ በሩን ከውስጥ ቆልፈው ይጠብቁኝ። ቀስ ብሎ፣ በጣት ጫፍ የሚያንኳኳ ሰው ከመጣ አይክፈቱ። እኔ በጡጫ ነው የምደበድበው።

አፈር አሟቂዋ እህትህ