በቅሬው ፊት ያልተናገርኩት

ውድ ሐረግ፣

አፈሩ ይቅለልሽ። ከሞትሽ አምስት ዓመት አለፈ፤ እኔ ግን ዛሬም በደጅሽ ሳልፍ ዓይኔን መሬት ላይ እጥላለሁ። ለምን እንደሆነ ሳልነግርሽ ሄድሽ።

በኮሮናው ዓመት፣ ሙስሊም ክርስቲያኑ የሚቃበርበት ቅሬያችን ስለ ምርመራው ሊመክር ተሰብስቦ ነበር። የጤና ባለሙያው የኋላሸት «መመርመሪያው ጥቂት ነው፤ መመሪያው ምልክት የታየበት ሰፈር ይቅደም ይላል» አለ።

አንቺ ተነሳሽ። «ምልክት እስኪታይ ምን ያስጠብቀናል? መካነ ሰላም ገበያ የሚወጣ ሁሉ ይመርመር እንጂ!»

ሰብሳቢው ጋሼ ሙሐሲን «ደህናው ሰው መርምሩኝ ካለ በላና መከራ መጥራት አይሆንም?» አሉሽ።

«በላው ጥሪ የሚጠብቅ መሰለዎት ጋሼ? እርስዎስ ለሰርግ መቼ ጠብቀው ያውቃሉ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። የኋላሸት ግን «እሺ፣ እዚህ ሰፈር ሰሞኑን በሳል፣ በትንፋሽ እጥረት የሞተ አለ?» ብሎ ጠየቀ።

ሁሉም ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ።

ሐረግዬ፣ በዚያ ወር የሦስት ሟች ሴቶች ጀናዛ አጥቤ ነበር። የሦስቱም ከንፈር ጠቁሯል። ልጆቻቸው ውሃ እያቀበሉኝ «ትንፋሽ አጥሯት ነው» ይሉኝና መልሰው «እትዬ ኡምኩልሱም፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ሰው ሰምቶ ቤታችንን እንዳይሸሸው» ይሉኛል። አጣቢ ያየችውን አታወራም፤ አማና ነው፣ አደራ። ግን ስም ሳልጠራ «አዎ፣ አለ» ማለት እችል ነበር። ፈራሁ።

«የለም» ተብሎ ተጻፈ። መመርመሪያው ወደ ሌላ ሰፈር ሄደ።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ አንቺን ሳል ያዘሽ። አጥሚት ይዤ ስመጣ «ራቅ በይ ኡሙ፤ እኔ እንደሆንኩ ክርስቲያን ነኝ፣ አታጥቢኝ! ምን ልትጠብቂ ተቀመጥሽ?» ብለሽ ሳቅሽ፤ ሳቁ ሳል ሆነብሽ። ያኔም ልነግርሽ ፈልጌ አጥሚቱን ብቻ አቀረብኩልሽ።

ታመሽ ሳለ ናሙና ተወስዶልሽ ነበር፤ ውጤቱ ከደሴ የመጣው ከቀብርሽ በኋላ ነው። የኋላሸት መጥቶ «ስትታመም አጠገቧ የነበረው ማን ነው?» ሲል «እኔ» አልኩ። ሦስቱንም ሴቶች ነገርኩት። ብዕሩን አስቀመጠና «እትዬ፣ ያን ዕለት ጠይቄ ነበር እኮ» አለኝ። 

ከዚያ ሰፈሩ ሁሉ ተመረመረ። ብዙ ሰው ተገኘበት፤ ጋሼ ሙሐሲንም። በጊዜ ታክመው ዳኑ። ዛሬ በየስብሰባው «ያዳነችን ሐረግ ናት» ይላሉ። ሰው ይመርቅሻል፤ እኔ አንገቴን እደፋለሁ። አንቺን ማን ሊያድን ይችል እንደነበር የሚያውቅ ከእኔና ከየኋላሸት በቀር የለም።

እሑድ ቅሬው ይሰበሰባል። ቆሜ ይህን ደብዳቤ አነብላቸዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ጀናዛ እንዳጥብ የሚጠራኝ ባይኖርም አልፈርድባቸውም።

ጎረቤትሽ ኡምኩልሱም