ጫማቸው ሳይረጥብ ለተመለሱት ተቆጣጣሪ አለቃ፣ ከእናታችን መታጠቢያ ቤት

ለተከበሩ የሕንፃ ሥራ ፈቃድና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ከሁሉ አስቀድሜ ለክብርዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና ለባልደረቦችዎ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ የተሟላ፣ ጉልበትዎ የጸና፣ በተለይም ዳሌዎ ከክፉ ነገር ሁሉ የተጠበቀ እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ። ዳሌን ለይቼ ማንሳቴ ለድፍረት አይቆጠርብኝ። እናታችን ዳሌዋ ተሰብሮ በተሽከርካሪ ወንበር መሄድ ከጀመረች ወዲህ፣ ሰው ገላውን ብቻውን መታጠብ መቻሉ ምን ያህል ጸጋ እንደሆነ እኔና ወንድሜ በሚገባ ተምረናል።

እናታችን ከሆስፒታል ስትመለስ የጠየቀችን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ማንም ሳያያት የምትታጠብበት ክፍል። እኛም የምድር ቤቱን መታጠቢያ ለማሳደስ ስንነሳ፣ ደላላም ዘመድም ሳናማክር በቀጥታ ወደ ቢሮዎ መጥተን፣ በማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ «አንደኛ ደረጃ» ተብለው የተመሰገኑትን ተቋራጭ መረጥን። እኚህን ሰው በቤታችን «ደርሻለሁ» እያልን እንጠራቸዋለን፤ ስልክ በተደወለላቸው ቁጥር የሚሰጡት መልስ ይኸው ነውና። «ደርሻለሁ» ባሉ በሳምንቱ ደግሞ አንዳንዴ በእርግጥ ይደርሱ ነበር። ስለ ጥቆማዎ ያለብንን የምስጋና ዕዳ እንደሚከተለው በዝርዝር አቀርባለሁ።

1ኛ. ክፍሉን ለማስፋት መፍረስ የነበረበት ከዕቃ ቤቱ ጋር የሚያዋስነው ግድግዳ ነበር። የፈረሰው የሳሎኑ ነው። እናታችን ዜና እየተከታተለች ሳለ ከቴሌቪዥኑ ጎን መዶሻ ብቅ አለ፤ ከመዶሻው በኋላ አቧራ የለበሰ ሠራተኛ አንገቱን አስገባና «እንደምን ዋሉ፣ እናቴ» አላት። እሷም «ግባ ልጄ፣ በር አጥተን ተቸግረን ነበር» ብላ በክብር ተቀበለችው። ተቋራጩ ሲመጡ በቀዳዳው አሻግረው አዩና «ቤቱ ታፍኖ ነበር፤ አሁን ተነፈሰ» ሲሉ አጽናኑን። በእርግጥም ቀዳዳው በጣውላ እስኪሸፈን ድረስ ሳሎን የተቀመጠ እንግዳ ሁሉ የመጸዳጃችንን ትንፋሽ እየተካፈለ ሰንብቷል።

2ኛ. የማያንሸራትት ሴራሚክ ብንለምን፣ መልክ የሚታይበት መስታወት የመሰለ ተነጠፈልን። ቁልቁለቱም ከውሃ መውረጃው ይልቅ ወደ ኮሪደሩ ስለተመራ፣ ቧንቧው በተከፈተ ቁጥር የወንድሜ ነጠላ ጫማዎች ባለቤታቸውን ሳያስፈቅዱ ወደ ጓዳ ይጓዛሉ። አቤት ስንል «ውሃው ቤቱ አዲስ ስለሆነበት ነው፤ እየቆየ ይለምዳል» ተባልን። ውሃው እስካሁን አልለመደም፤ እኛ ግን ለምደናል።

3ኛ. በሩ ከተሽከርካሪ ወንበሩ ጠበበ። ወንበሩን አላዩትም እንዳንል ተቋራጩ ሻይ ሲጠጡ አረፍ የሚሉት በእሱ ላይ ነበር። ችግሩን ስንነግራቸው ከተቀመጡበት ሳይነሱ «ቀጠን ባለ ወንበር ብትቀይሩትስ?» ሲሉ መከሩን።

4ኛ. በዚህኛው ላይ መቀለድ ስላቃተኝ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ። በሩ ወንበሩን ስላላስገባ አንድ ቀን እኔ ሴት ልጇ እናታችንን ደግፌ አስገብቼ በርጩማ ላይ አስቀመጥኳትና ፎጣ ላመጣ ወጣሁ። ለመነሳት ግድግዳው ላይ የተተከለውን የእጅ መደገፊያ ስትይዘው ከነልስኑ ተነቅሎ እጇ ላይ ቀረ። ስትወድቅ ድምፁን ሰምቶ ቀድሞ የደረሰው ወንድሜ ነው። አጥንቷ በተአምር ተረፈ። ያለቀሰችው ግን ጎኗ ስለበለዘ አልነበረም፤ ወንድ ልጇ በዚያ ሁኔታ ስላያት ነበር። ከዚያ ወዲያ ገላሽን ላጥብሽ ባልኳት ቁጥር ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ «አልቆሸሽኩም» ትለኝ ጀመር።

5ኛ. ይህን ሁሉ ስናመለክት ሳይታክቱ ተቆጣጣሪ ልከውልናል። ተቆጣጣሪዎ ኮሪደሩ ላይ የተኛውን ውሃ ሲያዩ «ስብሰባ አለብኝ፣ ጫማዬ ይበላሽብኛል» አሉና ከደረቁ ቦታ ሆነው አንገታቸውን አስግገው ተመለከቱ። ከዚያም «ለአገልግሎት ብቁ ነው» ብለው ፈረሙ። ውሃው አላስገባቸውም፤ ፊርማቸውን ግን አላገደውም። በጤነኛ እግራቸው ሊገቡበት ያልደፈሩትን ክፍል፣ መቆም ለማትችል ሴት ብቁ ነው ማለታቸው በእናታችን ችሎታ ላይ ያላቸውን ከፍተኛ እምነት ስለሚያሳይ እጅግ ኮርተናል።

የክብርዎ ጽሕፈት ቤት በዚህ መልክ ራሳችንን እንድንችል ስላበረታታን፣ ወንድሜ ከጎረቤታችን ግንበኛ ጋር ሆኖ ወለሉን እንደገና ቆፈረ፣ ቁልቁለቱን አስተካከለ፣ በሩንም አሰፋ። አሮጌው መዝጊያ ለሰፋው በር ስለማይሆን ለጊዜው ወፍራም መጋረጃ ሰቀልን። አዲሱ መደገፊያ ሲተከል እናታችን ወንድሜን ጠርታ «መጀመሪያ አንተ ተንጠልጠልበት» አለችው። ተንጠለጠለ፤ አልተነቀለም። እሷም ወንበሯን ራሷ እየገፋች ገባችና ከመጋረጃው ኋላ «ማንም ድርሽ እንዳይል!» ብላ አስጠነቀቀችን።

እኔና ወንድሜ ሳሎን ተቀምጠን የውሃውን ድምፅ ብቻ እናዳምጥ ነበር። ቆይታ ቆይታ ስትወጣ ፊቷ ወዝቶ ነበር፤ ሁለታችንንም አየት አደረገችንና «ምን አፍጥጣችሁ ትጠብቁኛላችሁ፤ ሥራ የላችሁም?» አለችን። እንዲህ አምርራ ስትቆጣን ከሰማን ብዙ ጊዜ ሆኖን ስለነበር ወንድሜ ከደስታው ብዛት ወደ ጓዳ ሸሸ።

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ የፈረሰውን ይሥሩልን፣ ያጠፋውን ይቅጡልን ብዬ ውድ ጊዜዎን አልሻማም። የምለምነው ትንሽ ነገር ነው፤ ተቆጣጣሪዎ ወደፊት ወደ ሌላ ሕመምተኛ ቤት ሲላኩ ጫማቸውን አውልቀው፣ ሱሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው ይግቡ፣ ተቀምጠውም ለመነሳት ይሞክሩ። ከዚያ በኋላ የፈለጉትን ይፈርሙ።

የጽሕፈት ቤትዎን ውለታ ወለሉ በረጠበ ቁጥር የማልዘነጋ፣ በማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ ያለኝን እምነት ከግድግዳችን ጋር አብሬ ያጣሁ፣ ትሑት ባለጉዳይዎና የእናቴ የመጀመሪያ ልጅ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ልዘጋ ስል ተቋራጩ የእርስዎን መሥሪያ ቤት ሕንፃ ለማደስ ጨረታ ማሸነፋቸውን ሰማሁ። እንኳን ደስ ያለዎት! አደራዎን፣ ሥራው ከተጀመረ በኋላ ጠዋት ጠዋት መጸዳጃ ከቤትዎ ተጠቅመው ይውጡ።